ከራስጌዋ የቆምኩበት ቀን

(ይህን ንግግር በእሁድ ስብሰባችን ላይ ከአዲስ አበባ በስልክ ያደረገችልን፣ ቀድሞ እንደ እናንተው በቤት ሠራተኝነት የሠራችና አሁን የነርስነት ተማሪ የሆነች እህታችን ናት። ስሟ እንዳይጻፍ ስለጠየቀች ትተነዋል። የተናገረችውን እንዳለ አቅርበነዋል።)

እህቶቼ፣ ድምፄ ይሰማል? እሺ፣ ከተሰማ ልጀምር።

በመጀመሪያ ከዕረፍት ሰዓታችሁ ቆርሳችሁ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔም ሦስት ዓመት ገደማ እዚያው እናንተ ባላችሁበት አካባቢ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። የእሁድ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደምታጥር አውቃለሁ። አንዷ ወደ ቤት ትደውላለች፣ አንዷ ብር ለመላክ ትሰለፋለች፣ አንዷ ቡና ታፈላለች፣ አንዷ ደግሞ ምንም ሳትሠራ እግሯን ዘርግታ መቀመጥ ብቻ ያምራታል። ዛሬ መውጣት ያልተፈቀደላችሁም አላችሁ። ይህ በጽሑፍ ሲደርሳችሁ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ታነቡት ይሆናል። የምናገረው ለእናንተም ነው።

ሲስተር ሲደውሉልኝ «ነርስነትን ለምን እንደመረጥሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። በነገራችን ላይ እኛ አገር መነኩሲትም ሲስተር፣ ነርስም ሲስተር ነው የምትባለው። እኔንም ገና ሳልመረቅ ሲስተር የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ልጄ ሳትነግረኝ ልትመነኩስ ነው እንዴ» እያለች ትስቃለች።

ለሲስተር ጥያቄ እውነተኛው መልስ ግን «መጀመሪያ አልመረጥኩትም» የሚል ነው። ወደ አገሬ ስመለስ ይዤው የመጣሁት ገንዘብ ለእናቴ ቤት ቆርቆሮና ለወንድሜ ትምህርት ሆነና አለቀ። ስሄድ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ቀን ካፌ ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ፣ ማታ እየተማርኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ፈተናውን ሳልፍ የአክስቴ ልጅ «ነርስ ሥራ አታጣም» አለችኝ። በዚህች አንዲት ቃል ተመዘገብኩ። የልጅነት ሕልም የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ምክንያቱን ያገኘሁት በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ ረቡዕ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። የዚያን ዕለት ነገር እንዲገባችሁ ግን አስቀድሜ እኔ ራሴ ኦፕሬሽን የተደረግሁበትን ጊዜ ልንገራችሁ።

ሰው ቤት በገባሁ በስምንተኛው ወር ሆዴን አመመኝ። መጀመሪያ እምብርቴ አካባቢ ነበር። ወደ ማታ ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። ያስመልሰኛል፣ ምግብ አስጠላኝ። በዚያ ሳምንት ቤቱ እንግዳ ነበረበት፤ ማዳም ሥራ ለመሸሽ ያመመኝ መሰላት። የራስ ምታት ክኒን ሰጠችኝ። በማግስቱ ትኩሳት ያዘኝ፤ ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ። ያኔ ባሏ ሆስፒታል ወሰደኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ። አንዲት ሠራተኛ በጣቷ ቦታውን አሳየችኝ፤ ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ አላውቅም። ፊቴ ላይ ጭምብል አደረጉ። ስነቃ ሆዴ በቀኝ በኩል በፋሻ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ስፌት አለ። ጠዋት ሐኪሙ መጣና ሆዴን አየት አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ «ዛይዳ፣ ዛይዳ» አለኝና ሄደ።

በስምንት ወር የተማርኩት አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። «ዛይድ» የምትለዋን ቃል የማውቃት ጨው ሲበዛብኝ ነው። የበዛ፣ የተረፈ ማለት ነው። እናም አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩ፤ እኔ ሆድ ውስጥ የተረፈ ምን አለ? ሰው ሁለት ያለው ምንድን ነው? ኩላሊት! አንዱን «ትርፍ ነው» ብለው ወሰዱት ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከባልኮኒ ባልኮኒ የምናወራ አንዲት ሐበሻ ልጅ ነበረች። ስነግራት እሷም ደነገጠች፤ «እንዲህ ያደርጋሉ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችኝ። በቃ፣ ተረጋገጠልኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያንን ፍርሃት ተሸክሜ ሠራሁ። ወገቤን ባመመኝ ቁጥር «የቀረችው ኩላሊቴ ደከመች» እላለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ማታ ማታ ጠባሳዬን በእጄ እየዳሰስኩ «አገሬ ሳልገባ እሞት ይሆን?» እል ነበር።

አገሬ እንደገባሁ በመጀመሪያው ወር አልትራሳውንድ ተነሣሁ። የሚያነሣኝ ባለሙያ ታሪኬን ሰምቶ ሁለቱንም ጎኔን በደንብ አየና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። «ይሄ አንዱ፣ ይሄ ሁለተኛው። ሁለቱም ኩላሊቶችሽ አሉ። ጠባሳው የትርፍ አንጀት ነው» አለኝ።

ትርፍ አንጀት! «ዛይዳ» ማለት ለካ ትርፍ አንጀት ነው። በእነሱም ቋንቋ በእኛም ቋንቋ ስሙ አንድ ነው፤ ትርፍ። ሐኪሙ የነገረኝ እውነቱን ነበር። በዚያ ላይ ሕይወቴን ያተረፈው እሱ ነው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ካልወጣ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከፈነዳ ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ሐኪም ነበረ፣ መድኃኒት ነበረ፣ አልጋ ነበረ። ያልነበረው የሚያስረዳኝ ሰው ነው። አምስት ደቂቃ የሚያስረዳኝ ሰው በመጥፋቱ ሁለት ዓመት ፈራሁ።

አሁን ወደ ትምህርቴ ልመለስ። የነርስነት ትምህርት ከበደኝ። የሰውነት ክፍሎችና የመድኃኒቶች ስም ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አብረውኝ የሚማሩት ከእኔ በስድስትና በሰባት ዓመት ያንሳሉ። ማታ ካፌ ሠርቼ ሌሊት አጠናለሁ፤ እንቅልፍ ይጥለኛል። የመድኃኒት ትምህርቱን ወደቅሁና እንደገና ልፈተን ተባልኩ። በዚያ ሰሞን አንድ ደላላ ይደውልልኝ ጀመር። «አንቺ እኮ ቋንቋውን ታውቂያለሽ፤ አሁን ብትሄጂ ደመወዝሽ እንደ መጀመሪያው አይሆንም» ይለኛል። ፓስፖርቴን አሳድሼ ነበር። ዓርብ መልስ እሰጥሃለሁ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ኦፕሬሽን ክፍል የገባነው በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አራት ተማሪዎች ሆነን ገባን። የራሳችንን ልብስ አውልቀን የክፍሉን ልብስ ለበስን፤ ቆብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የክፍሉ ጫማ። ቀለበት የለም፣ የእጅ ሰዓት የለም፣ የጥፍር ቀለም የለም። አስተማሪያችን ሦስት ነገር ነገረችን። «የዛሬው ሥራችሁ ማየት ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር እንዳትነኩ። ካዞራችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ተናገሩና ቁጭ በሉ፤ ታማሚዋ ላይ ከመውደቅ መሬት ላይ መቀመጥ ይሻላል።»

እህቶቼ፣ እኔ ጽዳት አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ማዳም በነጭ ጨርቅ የበር ጉበን ላይ አቧራ ስትፈልግ አጥታ የተመለሰችበት ቤት ነው የሠራሁት! ያን ዕለት ግን ሌላ ዓይነት ጽዳት አየሁ። ዶክተሯ እጇን ከጣቷ ጫፍ ጀምራ እስከ ክርኗ ለደቂቃዎች አጠበች። ውኃው ወደ ጣቷ እንዳይመለስ እጇን ወደ ላይ አድርጋ ያዘች። ቧንቧውን የዘጋችው በክርኗ ነው። ከዚያ በኋላ ከጀርም ነፃ ከሆነው ጨርቅና ዕቃ ውጭ ምንም አልነካችም። አንድ ረዳት ሳያውቅ ክንዱ የመብራቱን ዘንግ ነካ። ማንም አልጮኸበትም፤ እሱ ራሱ «ነክቻለሁ» ብሎ ጓንቱንና ጋዋኑን ቀየረ። ስህተቱን ራሱ መናገሩ፣ ሌሎቹም ዝም ብለው ማስቀየራቸው በጣም ገረመኝ። እኔ በኖርኩበት ቤት ብርጭቆ የሰበረ ሰው ስብርባሪውን ይደብቃል።

ሌላም ልንገራችሁ። ከመጀመራቸው በፊት አንዷ ነርስ ጎዙን፣ መቀሱን፣ መርፌውን አንድ በአንድ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ሌላዋ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ከመዝጋታቸው በፊት እንደገና ይቆጥራሉ። ሲጨርሱም ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ካልገጠመ ፍለጋ ነው። እኛ እንግዳ ከሄደ በኋላ ማንኪያና ሹካ ስንቆጥር አስታወስኩ። እኛ የምንቆጥረው ሌባ እንዳንባል ነው። እነሱ የሚቆጥሩት ታማሚው ሆድ ውስጥ ጎዝ ረስተው እንዳይሰፉት ነው። ቆጠራው ያው ነው፤ ምክንያቱ ግን ሥራውን ሌላ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ታካሚ የቡአ ኦፕሬሽን የሚደረግላቸው አባት ነበሩ። ረቡዕ ስለነበር ጾሜን ነው የገባሁት። ደሙን ችዬ አየሁ። ትንንሽ የደም ሥሮችን በኤሌክትሪክ እያቃጠለ የሚዘጋ መሣሪያ አለ፤ እሱ ሲነካ ጭስ ይወጣል። ሽታው የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ እንደሚሸተው ነው። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። የአስተማሪያችን ምክር ትዝ ሲለኝ «አዞረኝ» አልኩና ግድግዳ ሥር ዝርግት ብዬ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ደላላው ትክክል ነው፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም ብዬ አሰብኩ።

አንዲት አንጋፋ ነርስ ወደ ውጭ አውጥታ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጠችኝ። «አይዞሽ፤ ዛሬ ዶክተር ከሆኑት ውስጥ እዚያው አንቺ የተቀመጥሽበት ግድግዳ ሥር የተቀመጡ አሉ። ሁለተኛ ሳትበዪ እንዳትገቢ። ስትቆሚም ጉልበትሽን አታግትሪው፣ እግርሽን ቀያይሪ» አለችኝ። ሻዩን እየጠጣሁ ሳለ በሩ ተከፈተና አንዲት ነፍሰ ጡር በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ አስገቡ። ምጡ ስለቆየና የሕፃኑ የልብ ምት ስለቀነሰ በአስቸኳይ በኦፕሬሽን እንድትወልድ ተወስኗል። ነርሷ «ገብተሽ እይ» አለችኝ። ገባሁ።

ሴትየዋ ከገጠር የመጣች ናት። የምትችለው ኦሮምኛ ብቻ ነው። ባሏ ውጭ ቀርቷል። ቋንቋውን የሚችለው ባለሙያ በዚያች ሰዓት ሌላ ክፍል ነበር። እንደዚህ ዓይነት ኦፕሬሽን ብዙ ጊዜ የሚሠራው እናቲቱ ሳትተኛ፣ ወገቧ ላይ በሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። መርፌው ጀርባ ላይ ስለሚገባ ጎንበስ ብሎ ያለመነቃነቅ መቀመጥ ያስፈልጋል። የማደንዘዣ ባለሙያው በአማርኛ «ጎንበስ በይ፣ አትንቀሳቀሺ» ይላታል፤ እሷ ግን ትንቀጠቀጣለች፣ ወደ ኋላዋ ለማየት ትዞራለች። ዓይኗን አየሁት። ያ ዓይን የእኔ ዓይን ነበር።

የዛሬው ሥራሽ ማየት ነው ተብያለሁ። ሆኖም አፌ ቀደመኝ፤ «እኔ ኦሮምኛ እችላለሁ» አልኩ። ያደግሁት አርሲ ነው፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ነው የተጫወትኩት። የማደንዘዣ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ነይ፣ ከፊቷ ቁሚ፤ የምልሽን ንገሪያት» አለ።

ትከሻዋን ይዤ «ሂን ሶዳቲን» አልኳት። አትፍሪ ማለት ነው። «ጀርባሽን እንደተቆጣች ድመት አጉብጪው። መርፌው እንደ ጉንዳን ይነክስሻል፣ ከዚያ ያበቃል» አልኳት። ግንባሯን ደረቴ ላይ ጣለችና ድንጋይ ሆነች። መርፌው ገባ። አስተኟት። እኔም ከራስጌዋ ቆምኩ።

ጥቂት እንደቆየች ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ። «እግሬ የለም» አለችኝ። «እግሬን ቆረጡት እንዴ?»

እህቶቼ፣ ይህን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። እኔ ኩላሊቴን ወሰዱብኝ እንዳልኩ ሁሉ እሷም እግሬን ቆረጡት አለች። «እግርሽ አለ። መድኃኒቱ አስተኝቶት ነው፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይነቃል። አሁን ሲነኩሽና ሲጎትቱሽ ይሰማሻል፣ የሚያምም ነገር ግን አይሰማሽም። ካመመሽ ወዲያው ንገሪኝ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። እኔ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ጥያቄ እሷ በሁለት ደቂቃ መልስ አገኘችለት።

ሊቀዱ ሲሉ ዶክተሯ «አንድ ጊዜ እንቁም» አለች። ሁሉም ቆመ። ይህ በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለኦፕሬሽን ክፍል 19 ነጥብ ያለው የማረጋገጫ ዝርዝር አውጥቷል። ሦስት ጊዜ ቆም ይባላል፤ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። ታካሚዋ ማን ናት? የሚሠራላት ምንድን ነው? እያሉ ያረጋግጣሉ። ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገራል። ዶክተሯ ተናገረች፣ ረዳቱ ተናገረ፣ ነርሶቹ ተናገሩ። ከዚያ ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረችና «አንቺስ?» አለችኝ።

ስሜን ተናገርኩ። «ተማሪ ነኝ። ዛሬ የማስተረጉም እኔ ነኝ» አልኩ።

ሰው ቤት ስሠራ ስሜ ይከብደናል ብለው ሌላ ስም አውጥተውልኝ ነበር። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ በራሴ ስም የጠራኝ የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተማሪዋ ስም ሳይቀር ተጠየቀ። ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር እንደማይመስላችሁ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ፈጠነ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሕፃኗ ወጣች። አላለቀሰችም። እናቲቱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አዋላጇ ሕፃኗን በፎጣ ጀርባዋን ታሻሻታለች። እኔ ምን ልበላት? ልዋሽ? «እየረዷት ነው፣ ጠብቂ» አልኳት፤ እውነቱ ይኸው ነበርና። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ሕፃኗ ጮኸች። ሲያስጠጉላት እናቲቱ ጉንጯን በጉንጯ ነካቻትና ክንዴን ለቀቀችኝ። የጥፍሯ ምልክት ለሁለት ቀን አልጠፋም።

ያን ዕለት እኔ ምንም አልቀደድኩም፣ አልሰፋሁም፣ አንድ መርፌ እንኳ አልያዝኩም። ግን ለምን እንደምማር አወቅሁ። ከራስጌ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። እኔ በተኛሁ ቀን ያ ሰው አልነበረም፤ አሁን እኔ ልሆነው እችላለሁ። የመድኃኒት ትምህርቱንም ማለፍ ያለብኝ ለዚህ ነው፤ የማላውቀውን ነገር ለሰው ማስረዳት አልችልማ! ዓርብ ዕለት ለደላላው ደውዬ «አልሄድም» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ቀና ብዬ አልዋሻችሁም። ካፌው ውስጥ አሁንም ዕቃ አጥባለሁ። ያን ፈተና ሁለተኛ ጊዜ ተፈትኜ ለጥቂት ነው ያለፍኩት። ሌሊት እንቅልፍ ሲጥለኝ ግን ያቺን ሴት አስባለሁና አንድ ገጽ እጨምራለሁ።

ያቺ ሻይ የሰጠችኝ ነርስ በሌላ ቀን ስለ ማሚቱ ጋሼ ነገረችኝ። የምታውቋት ትኖሩ ይሆናል። ማሚቱ ገና በልጅነቷ የተዳረች የገጠር ልጅ ነበረች። በ16 ዓመቷ ገደማ ለቀናት አምጣ ልጇ ሞተ፤ እሷም ፌስቱላ ያዛት። ፌስቱላ በረዥም ምጥ ምክንያት አካል ሲጎዳ ሽንትን መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት ነው። አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ተቀበሏት። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ሌሎቹን ታማሚዎች ታጽናና ነበር። ከዚያ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታ ዕቃ ማቀበል ጀመረች። እያየች፣ እየረዳች፣ ቀስ በቀስ እነሱ እያስተማሯት ራሷ ፌስቱላ የምትጠግን ሆነች። ሃምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ሲከፍቱ እሷም አብራቸው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሁለቱ ዶክተሮችና ለማሚቱ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። በ2018 ደግሞ ቢቢሲ በዓመቱ 100 ሴቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባት።

ዛሬ ያለ ትምህርትና ያለ ፈቃድ ማንም ኦፕሬሽን አይሠራም፤ መሆንም የለበትም። እኔ ከማሚቱ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። ያቺ አልጋ የምታነጥፍ ልጅ ከታማሚዎቹ አንዷ ስለነበረች፣ ተምረው የመጡት ያላዩትን ታይ ነበር። የደረሰባት ነገር ለሥራዋ ዕውቀት ሆናት።

አሁን ሰዓቴ ሳያልቅ ለእናንተ የሚጠቅም ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ስትታመሙ ጠይቁ። ሆዳችሁን አሟችሁ ሕመሙ ወደ ቀኝ ወደ ታች ከወረደ፣ ካስመለሳችሁና ካተኮሳችሁ፣ ክኒን እየዋጣችሁ አትቆዩ፤ ሐኪም ያስፈልጋችኋል። «አመሊያ» ሲሏችሁ ኦፕሬሽን ማለታቸው ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ሕመሜ ምንድን ነው? ምን ልትሠሩልኝ ነው? ከሰውነቴ የሚወጣ ነገር አለ? ባይሠራልኝስ ምን ይሆናል? ካልገባችሁ «ሙተርጂም» በሉ፤ አስተርጓሚ ማለት ነው። አስተርጓሚ ከሌለ ቋንቋውን የምትችል ጓደኛችሁን ወይም በዚህ መጽሔት ጀርባ ያለውን ቁጥር ደውላችሁ ስልኩን ለሐኪሙ ስጡት። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ሐኪሞቹ ለመቆየት ጊዜ ላይኖራቸው ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ከነቃችሁ በኋላ ጠይቁ። ስትወጡ የሚሰጣችሁን የሕክምና ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። እኔ ያን አንድ ወረቀት ይዤ ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓመት አልፈራም ነበር።

ሁለተኛ፣ አገር ገብታችሁ ትምህርት ወይም ሙያ ስትመርጡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሥራውን አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩ። ስፌትም ይሁን ፀጉር ሥራ፣ ዳቦ ቤትም ይሁን ክሊኒክ፣ «አንድ ቀን ቆሜ ልይ» ብላችሁ ለምኑ። አብዛኛው ሰው እምቢ አይልም። ሄዳችሁም ሥራው ሲቀልና ገንዘብ ሲገባ ብቻ አትዩ፤ ሲከብድ እዩ። እዚያ ከባድ ሰዓት ላይ «እኔ እዚህ ጋ ልረዳ እችላለሁ» የምትሉበት ቦታ ካገኛችሁ፣ ያ ሥራ የእናንተ ሊሆን ይችላል። ካዞራችሁም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፤ እኔንም አዙሮኛል። ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታወቀ መሆኑን ሳታረጋግጡ ላባችሁን እንዳትከፍሉ። የስምንተኛ፣ የአሥረኛ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀታችሁ የት እንዳለ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። እናቶቻችን ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ አይጥም እዚያው ነች።

ሦስተኛ፣ የምታውቁትን አትናቁ። እኔን ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የጠቀመኝ ኮሌጅ የተማርኩት ነገር አልነበረም። ከጎረቤት ልጆች የተማርኩት ቋንቋና አንድ ጊዜ ራሴ የፈራሁት ፍርሃት ነው። እናንተም በየቀኑ የምትማሩት ነገር አለ። አረብኛ አለ፣ የታመሙ አዛውንት ማገላበጥ አለ፣ ሕፃን ማሳደግ አለ፣ ሰው ሳይናገር ምን እንደፈለገ ማወቅ አለ። ይህንን ደመወዝ ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩት። ዛሬውኑ አዲስ የመጣች ልጅ ስትታመም አብራችሁ ብትሄዱ ወይም በስልክ ብታስተረጉሙላት፣ እናንተም ከራስጌዋ ቆማችኋል።

ሁላችሁም ነርስ ሁኑ አላልኩም። አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዷ ሱቅ ትከፍታለች፣ አንዷ ልጆቿን ታሳድጋለች። ብቻ «ለእኔ ብጤ አይሆንም» ብላችሁ ከበር አትመለሱ። አባቶቻችን ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ? እኔ ያን ቀን «ኦሮምኛ እችላለሁ» ማለትን ብፈራ ኖሮ፣ ያቺ እናት እግሯን እንደተቆረጠች እያሰበች ትወልድ ነበር፤ እኔም ዛሬ ሌላ አገር ነበርኩ።

በሉ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ልልቀቃችሁ። ጥያቄ ያላት እህት ስልኩን ከሲስተር ተቀብላ ትጠይቀኝ፤ እስኪመሽ አለሁ። በሚቀጥለው ዓመት እግዚአብሔር ቢፈቅድ እመረቃለሁ። ፎቶውን እልክላችኋለሁ።

እናቶቻችሁን በሰላም ለማየት ያብቃችሁ። ደኅና ዋሉ።